የሆድ አኦርታው 4.1 ነው ወይስ 4.6? ስለ ትሪፕል ኤ ልየታና አለካክ

ራዲዮ_ሰገነት (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ጥያቄ በየክሩ ጥግ እየተነሣ ተበታትኖ ስለሚቀር አንድ ቦታ እንሰብስበው።

አንድ የ70 ዓመት አባት መጋቢት ላይ የሆድ አልትራሳውንድ ተነሥተው «አኦርታ 4.1 ሳንቲሜትር» ተባሉ እንበል፤ አኦርታ ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ነው። ሰኔ ላይ ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ስካን ሲነሡ «4.6» ተጻፈ። ልጆቻቸው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው «በ3 ወር 5 ሚሊሜትር! ሳይፈነዳ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው» ይላሉ። በእርግጥ አድጓል ወይ?

መልሴን ላስቀድም። ከሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አላደገም። ትሪፕል ኤ (ሙያው ውስጥ ያለ ሰው የሆድ አኦርታ አኒዩሪዝምን፣ ማለትም የአኦርታውን ከልክ በላይ መስፋት፣ እንዲህ ነው የሚጠራው) በዚህ መጠን ላይ ሲሆን በአማካይ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው የሚጨምረው። የ5 ሚሊሜትር ልዩነት ግን ከአለካክ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ያለው አኦርታ በጤናማ ወንድ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ በሴት ትንሽ ያንሳል። 3 ሳንቲሜትር ከሞላ አኒዩሪዝም ይባላል። ቁጥሩ የሚለያየው የደም ቧንቧው ግድግዳ ራሱ ውፍረት ስላለው ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የልየታ (ሕመም ሳይሰማው ሰውን አስቀድሞ የመመርመር) ፕሮግራም ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ይለካል። አሜሪካ በአብዛኛው ከውጭ እስከ ውጭ ነው። ስዊድን ውስጥ ከፊተኛው ግድግዳ የውጭ ጠርዝ እስከ ኋለኛው ግድግዳ የውስጥ ጠርዝ ይወሰዳል። በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን ሦስቱን ብትሞክሩ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው።

ሲቲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአልትራሳውንድ ከፍ ይላል። ከውጭ ወደ ውጭ ይለካል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ያገኘውን ትልቁን ስፋት ይወስዳል። ከዚያ በላይ ግን አኦርታው ከተጣመመ ችግሩ ይብሳል። ካሮት በሰያፍ ሲቆረጥ ሞላላ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የተጣመመ አኦርታ በአግድም ሲቆረጥ ክቡ ሞላላ ሆኖ ይታያል። የሞላላውን ረጅም ጎን የለካ ሰው ትርፍ ሚሊሜትሮች ይጽፋል። ለዚህ ነው በሲቲ ላይ የአኦርታውን መሃል ተከትሎ፣ ቀጥ ብሎ በሚቆርጠው ምስል ላይ መለካት ያለበት።

ስለዚህ ለነዚያ ልጆች የምንሰጠው መልስ «በመጋቢቱ ዓይነት አልትራሳውንድ፣ በዚያው አለካክ ይደገም» ነው።

---

ሶኖ_እጅ

ዶክተር፣ ስለከፈቱት አመሰግናለሁ። እኔ ፕሮቡ (ሆድ ላይ የሚያርፈው የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ላይ ስለሚበላሸው ልጨምር፤ ሪፖርቱ የሚበላሸው መጀመሪያ እዚያ ነውና።

ቀጠሮ ያለው ታካሚ 6 ሰዓት ያህል ጾሞ ቢመጣ የአንጀት ጋዝ ይቀንሳል። ድንገተኛ ከሆነ ጾም አይጠበቅም። ኮንቬክስ (ፊቱ የጎበጠ) ፕሮብ፣ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ፤ ወፍራም ሰው ላይ ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ ማድረግ ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ቢያጥፍ የሆድ ጡንቻው ይላላል።

መጀመሪያ አኦርታን አትፈልጉ፤ አከርካሪውን ፈልጉ። ፕሮቡን ከደረት አጥንቱ ጫፍ በታች በአግድም አስቀምጡና ጥልቀቱን የአከርካሪው አጥንት እስኪታይ ድረስ ጨምሩ። ደማቅ ቅስት መስመር ይታያል፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ አለው። አኦርታ ከዚያ መስመር ፊት፣ ወደ ታካሚው ግራ ይተኛል። በቀኙ ያለው ትልቁ ደም መልስ ነው። ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ደም መልሱ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከትንፋሽ ጋር ይጠብባል ይሰፋል፣ ሲጫኑት ይተኛል። «ይመታል» በሚል ብቻ አትለዩ፤ ደም መልሱም ከጎረቤቱ ምት ተቀብሎ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ከዚያ ሳያቋርጡ ወደ ታች፣ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ። መክፈያው እምብርት አካባቢ ነው። ጉበቱ ከላይ ጥሩ መስኮት ስለሚሰጥ የላይኛውን አኦርታ ቆንጆ ምስል አንሥቶ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ አኒዩሪዝሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ነው ያለው። ቆንጆው ምስል ጤናማውን ክፍል ነው ያሳየው ማለት ነው።

ጋዝ ሲያስቸግር ፕሮቡን ማወዛወዝ አያዋጣም። ቀስ ብሎ እኩል ጫና ሰጥቶ መጠበቅ፤ አንጀቱ ራሱ ይሸሻል። ካልሆነ ታካሚውን በጎኑ አስተኝቶ ከጎድን በታች በጎን በኩል መግባት ነው። ሆዱ ላይ የሚያም ትልቅ እብጠት ካለ ግን ጫናው ይቅር።

አለካክ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የረጋ ደም አንዱ ነው። በአኒዩሪዝሙ ውስጥ ዙሪያውን ደም ይረጋና መሃሉ ላይ ጠባብ መተላለፊያ ይቀራል። ካሊፐሩን (የመለኪያ ምልክቱን) በዚያ መተላለፊያ ጠርዝ ላይ ያደረገ ሰው 5 ሳንቲሜትሩን 2.5 ብሎ ይጽፋል። ጌይኑ (የምስሉ ድምቀት) ዝቅ ካለ የረጋው ደም ከአካባቢው ጋር ይመሳሰላል፤ ከፍ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ እዩት። ከለር ዶፕለር የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ብቻ ስለሆነ በከለሩ ጠርዝ አትለኩ።

ሁለተኛው የቁመት ምስል ነው። በቁመት ስትቆርጡ መሃሉን ካልመታችሁና ጎኑን ከገጫችሁ የሚታየው ስፋት ከእውነተኛው ያንሳል። ስለዚህ በቁመት የአኦርታውን አቅጣጫ እዩ፣ ፕሮቡን ወደ አግድም አዙሩ፣ ከአኦርታው መስመር ጋር ቀጥ እንዲል አዘንብሉት፣ ከፊት ወደ ኋላ ለኩ። ከጎን ወደ ጎን ያለው ልኬት የማይታመነው የጎን ግድግዳዎች ከድምፅ ሞገዱ ጋር ትይዩ ስለሆኑ ጠርዛቸው ስለሚደበዝዝ ነው።

ሦስተኛው የልብ ምት ነው። ምስሉን ቧንቧው በሰፋበት ቅጽበት አቁሙ። አንዱ ጊዜ በሰፋበት፣ ሌላው ጊዜ በጠበበበት ከቆመ ንጽጽሩ ይዛባል።

ደግሞም ያላያችሁትን «ጤናማ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ከእምብርት በላይ 4 ሳንቲሜትር ያህል ቦታ በጋዝ ምክንያት አልታየም» ብሎ መጻፍ ታካሚውን ለሌላ ቀን ያስመልሰዋል።

---

ሐኪም_ዘቤተሰብ

ሶኖ_እጅ የጻፉት ለተማሪዎች ታትሞ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። እኔ ማን ይመርመር ወደሚለው ልሂድ።

በአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር እንዲህ ነው። ዕድሜው ከ65 እስከ 75 የሆነና በሕይወቱ አጭሶ የሚያውቅ ወንድ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይነሣ። በዚያው ዕድሜ ያለ፣ አጭሶ የማያውቅ ወንድ እንደ ሁኔታው እየታየ ይወሰን። አጭሳ የማታውቅና በቤተሰቧ ያልነበረባት ሴት አያስፈልጋትም። ያጨሰች ወይም በቤተሰቧ ያለባት ሴት ላይ ማስረጃው አይበቃም፤ እዚህ ላይ የሐኪሙ ፍርድ ነው።

እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ይህን ይወቁ፦ ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ክፍል) ይህን ምርመራ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይሸፍናል፤ ከ65 እስከ 75 ሆኖ ቢያንስ 100 ሲጋራ ላጨሰ ወንድ፣ እንዲሁም በቤተሰቡ ትሪፕል ኤ ላለበት ሰው። የሐኪም ሪፈራል ያስፈልጋል። እንግሊዝ ያሉ ወንዶች 65 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ደብዳቤ ይላክላቸዋል፤ ዕድሜው ያለፈና ተመርምሮ የማያውቅ ራሱ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ይችላል። ስዊድንም 65 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ትጠራለች። ደብዳቤው ያልገባቸው አባቶች ማስታወቂያ መስሏቸው ይጥሉታል፤ ልጆች ፖስታውን እዩላቸው።

100 ሲጋራ ብዙ ይመስላል እንጂ 5 ፓኬት ነው። ለዚህ ነው አጠያየቁ ላይ የማተኩረው። አንድን አባት «ያጨሳሉ?» ካልናቸው «ኧረ አላጨስም!» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከ30 ዓመት በፊት ትተውታል። «ድሮስ? በወጣትነትዎ፣ በውትድርና ጊዜ፣ በፍሬ እየገዙም ቢሆን?» ሲባሉ ነው የሚወጣው። በተለይ ልጅ ወይም የንስሐ አባት አጠገብ ካለ አይናገሩም። ለብቻቸው ጠይቋቸው።

---

ሲስተር_ማርታ_ኤ

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስኳር ያለባቸውን ታካሚዎች የደም ሥራቸው ስለሚጎዳ ቀድመን እንላካቸው ወይ? ደግሞ የእኅት ወንድም ነገር ምን ያህል ይከብዳል?

---

ሐኪም_ዘቤተሰብ

ሲስተር፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ብዙ ሐኪም የሚስትበት ነው። ስኳር ልብንም እግርንም ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ትሪፕል ኤ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በተደጋጋሚ ጥናቶች ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ በሽታው በቁጥር ያነሰ፣ እድገቱም የዘገየ ሆኖ ተገኝቷል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ድርሻ ይኖረው እንደሆነ እየተጠና ነው። ስለዚህ ስኳር ብቻውን ለዚህ ምርመራ ምክንያት አይሆንም። ይህ ማለት ግን ስኳር ያለበት አጫሽ ይታለፍ ማለት አይደለም።

ዋናው ሲጋራ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፣ ባጨሱት ዓመትና መጠን ልክም ይጨምራል። ቀጥሎ ዕድሜ፣ ወንድ መሆን፣ የቤተሰብ ታሪክ። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና የሌላ ደም ሥር መጥበብ ከዚያ በኋላ ናቸው። ከጉልበት ኋላ ያለው ደም ቅዳ ላይ አኒዩሪዝም የተገኘበት ሰው ሆዱም መታየት አለበት፤ ሁለቱ አብረው የመገኘታቸው ዕድል ከፍተኛ ነው።

ስለ ቤተሰብ፦ እናት፣ አባት፣ እኅት፣ ወንድም፣ ልጅ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሁሉም ወንድም ለወንድም ያለው ይከብዳል። አባትየው «ሆዱን አሞት በድንገት ሞተ» ከተባለ ምክንያቱ ባይታወቅም እጽፈዋለሁ።

---

ድንገተኛ_ክፍል_ሌሊት

ልየታው ያመለጠው ሰው የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ከፈነዳባቸው 10 ሰዎች 8ቱ ገደማ ይሞታሉ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ።

የመጽሐፉ ሦስት ምልክት፣ ማለትም ሕመም፣ የግፊት መውረድና የሚመታ እብጠት፣ አንድ ላይ የሚገኘው በጥቂቱ ሰው ላይ ነው። የሚመጡት «የኩላሊት ጠጠር ነው» ተብለው ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ ጎኑ የጠጠር ሕመም የያዘው ሰው፣ ሽንቱ ውስጥ ደም ቢገኝም እንኳ፣ አኦርታው ሳይታይ ማስታገሻ ተሰጥቶ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። የሐሞት ከረጢት መስሎም ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በዚሁ በሽታ የሞተው አልበርት አንስታይን ሕመም ሐሞት ይመስል ነበር። ከዚያ 7 ዓመት ቀደም ብሎ ቀዶ ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን አኒዩሪዝሙን በሴሎፋን ጠቅልሎለት ነበር።

አልትራሳውንድ አኒዩሪዝም መኖሩን በሁለት ደቂቃ ይነግረናል፤ መድማቱን ግን አይነግረንም። ደሙ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ከሆድ ዕቃው ኋላ ስለሆነ «ሆድ ውስጥ ፈሳሽ የለም» የሚለው ቃል ሊያረጋጋን አይገባም። ትልቅ አኒዩሪዝም፣ አዲስ ሕመም፣ የወረደ ግፊት፤ ይህ ተጨማሪ ምስል የሚጠብቅ ሳይሆን ለቀዶ ሐኪም የሚደወልበት ነው። ግፊቱ የቆመለት ሰው ብቻ ወደ ሲቲ ይሂድ፣ እሱም ሐኪም አጅቦት።

ሁለት ወፍራም ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ የደም ዓይነትና ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ጋር መግጠሙን ማየት) ወዲያው። ታካሚው እያወራ፣ ልቡናው ንቁ ከሆነ ሲስቶሊኩ (የላይኛው የግፊት ቁጥር) ከ70 እስከ 90 ቢሆን በፈሳሽ አታሳድዱት። ጨው ውኃ በሊትር በሊትር ሲገባ ግፊቱ ይወጣና የቆመው ደም እንደገና ይፈስሳል፣ የመርጋት አቅሙም ይሳሳል።

---

ቀዶ_ጥገና_ደምሥር

የክትትል ቀጠሮው ላይ ግራ መጋባት ስላለ ልጻፈው። እንግሊዝ ከ3.0 እስከ 4.4 በየዓመቱ፣ ከ4.5 እስከ 5.4 በየ3 ወሩ ይመለከታል፤ 5.5 ሲሞላ ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪም ይላካል። የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የ2018 መመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከ3.0 እስከ 3.9 በየ3 ዓመቱ፣ ከ4.0 እስከ 4.9 በየዓመቱ፣ ከ5.0 እስከ 5.4 በየ6 ወሩ ይላል። አንዱን ይዞ መጽናት ነው። የእንግሊዙን የቀጠሮ ሠንጠረዥ በውጭ ለውጭ ልኬት ላይ ማዋል አይገጥምም፤ ያ ሠንጠረዥ ለውስጥ ልኬት የተሠራ ነው።

ለምን 5.5? እ.ኤ.አ. በ1998 የእንግሊዝ፣ በ2002 የአሜሪካ ጥናት ከ4.0 እስከ 5.5 ያሉትን ቀድሞ መቅደድና መከታተልን አነጻጽረው በሕይወት መቆየት ላይ ልዩነት አላገኙም። ሴቶች ላይ ግን በአነስተኛ መጠን ስለሚፈነዳ ከ5.0 ጀምሮ እንነጋገራለን። ሕመም ካመጣ መጠኑ አይጠየቅም። በ6 ወር 5 ሚሊሜትር ከጨመረም ይላክ፤ ግን በመጀመሪያ ራዲዮ_ሰገነት ያሉት የአለካክ ጉዳይ ይጣራ።

ለቀዶ ጥገና ስትልኩ የምንፈልገው ተራ የሆድ ሲቲ አይደለም፤ ሲቲ አንጂዮግራም (የደም ቅዳዎች ሲቲ) ነው። ቁራጩ 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች፣ ኮንትራስቱ (ደም ሥርን የሚያጎላው መድኃኒት) በደም ቅዳው በደረሰበት ሰዓት የተነሣ፣ ከድያፍራም እስከ ጭን መጋጠሚያ። የ5 ሚሊሜትር ቁራጭ በፊልም ታትሞ ሲመጣ ስፋቱን እናይበታለን እንጂ ስቴንት ግራፍት (በአኒዩሪዝሙ ውስጥ የሚተከል ቱቦ) አንለካበትም። ከኩላሊት ደም ቅዳው በታች ያለው ጤናማ አንገት ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ምን ያህል ታጥፏል፣ የዳሌው ደም ቅዳዎች መሣሪያውን ያሳልፋሉ ወይ፤ ይህን ነው የምናየው። ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) አስቀድሞ ይሠራ። ምስሉም በሲዲ ይምጣ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

---

ዘመቻ_ጤና

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ምርመራው አይጎዳም፣ ጨረር የለውም፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ ልየታ የለንም። በነጻ የጤና ዘመቻዎች ላይ ከ50 ዓመት በላይ ያለውን ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳንል፣ ለምን አናየውም?

---

ሐኪም_ዘቤተሰብ

ቅንነትህን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። የልየታ ጥቅም የተመሠከረው ብዙ በሽታ ባለበት ሕዝብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ትልቁ የእንግሊዝ ጥናት 67,800 ያህል ከ65 እስከ 74 ዓመት ያሉ ወንዶችን አሳትፎ በትሪፕል ኤ የሚደርሰውን ሞት በ42 በመቶ ቀንሷል። ያኔ ከተመረመሩት ውስጥ 5 በመቶ ያህሉ አኒዩሪዝም ነበረባቸው። አሁን ሲጋራ ስለቀነሰ እዚያው አገር በ65 ዓመት ወንዶች ላይ ወደ 1 በመቶ ወርዷል። ሲጋራ በአንጻሩ ባነሰበት አገር 50 ዓመት የሞላቸውን ሴቶች በሙሉ ብታይ የምታገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ እነሱንም 3.1 ብለህ ካስደነገጥክ በኋላ በየዓመቱ የሚከታተላቸው፣ 5.5 ሲደርስም የሚቀድዳቸው በአቅራቢያቸው ላይኖር ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ በተሟላ ማዕከል እንኳ ከመቶ ጥቂቱን የሚገድል ነው።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። ሆዱ በማንኛውም ምክንያት አልትራሳውንድ የሚነሣ፣ ከ65 በላይ የሆነና አጭሶ የሚያውቅ ወንድ ሁሉ አኦርታው አብሮ ይለካ። ጄሉ ተቀብቷል፣ ፕሮቡ እጃችሁ ላይ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚጨመረው።

---

ራዲዮ_ሰገነት

እስማማለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 35 ዓመት ሰው ላይ አኒዩሪዝም ስታዩ የዚህ ክር ሕግ አይሠራም። ቅርጹ በአንድ ጎን እንደ ከረጢት ካበጠ፣ ዙሪያው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካለው፣ ትኩሳት ካለ፣ በሳምንታት ውስጥ ካደገ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተነሡ። ሳልሞኔላ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ ይታሰቡ፤ ኢንፌክሽን ያልሆነው ታካያሱ አርተራይቲስ (የትልልቅ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ብግነት) ጭምር። የደም ካልቸር (ጀርሙን የሚለይ የደም ምርመራ) አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። እዚህ 5.5 እስኪሞላ አይጠበቅም።

---

ሲስተር_ማርታ_ኤ

አንቲባዮቲክ ካነሣችሁ፦ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) እያዘዝን የምንሰጣቸው አኒዩሪዝም ያለባቸው ሰዎች አሉ። ችግር አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

---

ቀዶ_ጥገና_ደምሥር

አለው፣ ሲስተር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር) ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲንን ጨምሮ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች አኒዩሪዝም ላለበት ወይም ሊኖርበት ለሚችል ሰው፣ ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። እኛ ጋ ደግሞ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ስለሚገዛ የታካሚው ካርድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ለታካሚውም በቃል ይነገረው።

ሌላው መድኃኒት አጭር ነው። ሲጋራ ማቆም እድገቱን ያዘገያል። ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) እና የግፊት ቁጥጥር ለልብና ለአንጎል ደም ሥር ያስፈልጋሉ። ቤታ ብሎከርም (የግፊት መድኃኒት) ዶክሲሳይክሊንም (አንቲባዮቲክ) እድገቱን ለማቆም ተሞክረው አልሠሩም፤ ለዚያ ብላችሁ አትዘዙ።

---

ሶኖ_እጅ

ለሪፖርት የምጠቀምበትን አጻጻፍ ልተው፣ የፈለገ ይውሰደው፦

«የሆድ አኦርታ ከድያፍራም በታች እስከ መክፈያው ታይቷል። ትልቁ ስፋት ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች 4.1 ሳንቲሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ በአግድም፣ ከውጭ እስከ ውጭ ጠርዝ። የረጋ ደም አለ፣ በልኬቱ ውስጥ ተካቷል። የቀኝ ዳሌ ደም ቅዳ 1.2፣ የግራ 1.3 ሳንቲሜትር። የምስል ጥራት፦ ጥሩ። ካለፈው ጋር ንጽጽር፦ የለም።»

---

ራዲዮ_ሰገነት

«ከውጭ እስከ ውጭ» የምትለዋን ቃል መጋቢት ላይ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ የሰኔው ድንጋጤ አይኖርም ነበር። አጻጻፉን ክሩ ላይ ከላይ አያይዤዋለሁ። የዳሌ ደም ቅዳን መጠን በተመለከተ የማይስማማ ካለ እዚሁ ይጻፍ።

---

ቀዶ_ጥገና_ደምሥር

እስማማለሁ፤ ከ1.5 በላይ ከሆነ ብቻ «ሰፍቷል» ተብሎ ለብቻው መስመር ይሰጠው።